የወልደ ሩፋኤል ብስክሌት

ይሁኔ አንገቱን ቀና ሲያደርግ አውድማው ላይ አንድም ሰው አልነበረም።

ከአፋፉ ሆኖ ሲያይ ሞልተው ነበር፤ በሬ የሚነዱ፣ መንሽ የያዙ፣ ጭድ የሚከምሩ። ቁልቁለቱን በብስክሌት መውረድ ሲጀምር ግን ዓይኑን ከፊት ጎማው ላይ ማንሳት አልቻለም። መንገዱ ድንጋያማ ነው። የብስክሌቱ መሪ ደግሞ እንደ በግ ቀንድ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለመጨበጥ የፈለገ ሰው በደረቱ ሊተኛበት ምንም አይቀረው። አሁን ከአውድማው ዳር ቆሞ ሲያይ በሬዎቹ ብቻቸውን ይዞራሉ። ነጂ የላቸውም። አንድ መንሽ ገብሱ ላይ ተጥሏል። ከአጥሩ እሾህ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ነጠላ ተይዞ ይውለበለባል።

«ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። «እንደምን ዋላችሁ? ኧረ ቤቶች!»

ከጎጆዎቹ መልስ አልመጣም። ከአንደኛው ውስጥ ሕፃን ማልቀስ ጀመረና ወዲያው አፉን የያዙት ይመስል ጸጥ አለ።

ይሁኔ የፈንጣጣ ክትባት ሠራተኛ ነው። በትከሻው ባነገተው ቦርሳ ውስጥ መድኃኒቱና መርፌዎቹ አሉ። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ወደዚች ወይራ በር ወደምትባል መንደር የመጣው፣ ማሩ በሚባል ገበሬ ቤት ፈንጣጣ ገብቷል ብሎ ጭቃ ሹሙ ስለላከበት ነው። በሽታው ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሳይሻገር መድረስ ነበረበት። ሲደርስ ግን ሰዎቹ የሸሹት ከበሽታው ሳይሆን ከእሱ ነው።

«እኔ አልሮጥም» አለ አንድ ድምፅ። «ጉልበት የለኝም።»

ከጭዱ ክምር ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ማተባቸውን በእጃቸው ጨብጠዋል፤ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

«የመጣኸው ለእኔ ከሆነም እዚሁ ነኝ» አሉ። «ብቻ ፊትህን አሳየኝ።»

«እናቴ፣ የጤና ሠራተኛ ነኝ። ለክትባት ነው የመጣሁት።»

«ፊትህን አልኩህ።»

ይሁኔ ባርኔጣውን አወለቀ። አሮጊቷ አተኩረው አዩትና ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ማተቡንም ለቀቁት።

«እሱ አይደለህም። ትመስለዋለህ እንጂ አይደለህም። እሱ አገጩ ላይ ጠባሳ ነበረው።»

ማንን እንደሚሉ መጠየቅ አላስፈለገውም። «ወንድሜ ነው» አለ።

ወልደ ሩፋኤል ታላቁ ነበር። አሥመራ ሄዶ በብስክሌት ጥገና ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ እሁድ እሁድ ከጣሊያኖቹ ልጆች ጋር ሲወዳደር ኖሮ፣ አገሩ ሲገባ ያመጣው ነገር ቢኖር ይህን ብስክሌት ብቻ ነው። የክትባት ሥራውን የጀመረው እሱ ነው። ከእስቴ እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ ታች ጋይንት፣ የሚነዳበትን እየነዳ፣ የማይነዳበትን እየተሸከመ ዞረበት። ከመስቀል በኋላ ዘግይቶ በጣለው ዝናብ ሰሞን ከወይራ በር በታች ካለው ወንዝ ወድቆ ሞተ። ይሁኔም ሥራውንም ብስክሌቱንም ተረከበ።

«ባለፈው ሳምንት በዚህ ያለፍከው አንተ ነህ?» አሉ አሮጊቷ።

«ነኝ። ወደ ወገዳ ስሄድ።»

«እንደምን ዋላችሁ አላልክም።»

«መንገዱን እያየሁ ነበር፤ አላየኋችሁም እናቴ።»

«እሱም እንደዚሁ ነበር። ጎንበስ ብሎ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። በሕይወት ሳለ ኩራተኛ ነው እንል ነበር። ከሞተ ወዲህ ደግሞ ያው ብስክሌት፣ ያው ጎባጣ ጀርባ፣ ሰላም ሳይል አለፈ። ሳይውል ሳያድር የማሩን ልጅ አተኮሳት፤ ፊቷ ፈነዳ። ሰው ምን ይበል? የሞተው ሰውዬ ነው በሽታውን ያመጣብን ተባለ።»

ፈንጣጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሳምንት አልፎት ነው የሚወጣው፤ ይሁኔ ይህን ያውቃል። ለማን ይንገር? አውድማው ባዶ ነው።

«ማሩ የት ነው?»

«ልጆቹንም ሚስቱንም ይዞ ገደል ወርዷል። ከወንዙ ማዶ ዋሻ አለ። የአራስ ልጅ ታቅፋለች ሚስቱ።»

ይሁኔ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አጠበቀ። ከታመመችው ልጅ ጋር አንድ ዋሻ ውስጥ ያደረ ጨቅላ ቶሎ ካልተከተበ ነገሩ አበቃ።

«ልውረድና ልፈልጋቸው።»

«ዛሬ አይሆንም። ሲያይህ ወደ ውስጥ ነው የሚሸሸው፤ ከዚያ አውሬም አያገኘው። እኔ ሰው ልኬ የቦጋለች ቃል ነው፣ የሰው ልጅ ነው አስብለዋለሁ። ነገ ተመልሰህ ና።» አሮጊቷ ቦጋለች ብስክሌቱን በዓይናቸው ገረመሙት። «ብቻ እንዲህ ሆነህ አትምጣ።»

ይሁኔ ብስክሌቱን አዙሮ ሊሄድ ሲል ቆመ። አእምሮው ውስጥ ሲጉላላ የከረመ ነገር ነበረበት።

«እኛ የሰማነው ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው ሲባል ነው» አለ። «ብስክሌቱን ከተረከብኩ ወዲህ ፍሬኑን ስፈታ ስገጥም፣ ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት። ምንም አላጣሁበትም።»

«እኔ ፍሬን የምትሉትን አላውቅም። የማውቀው የጮኽነውን ነው።»

«የጮኻችሁትን?»

«ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት አደረ። ጠዋት እኔ ከመንገዱ መታጠፊያ ዘንድ እንጨት ስለቅም ወንድምህ ከላይ መጣ። ድልድዩ የለም! ተመለስ! ብዬ ጮኽኩ። ከማዶ ያሉትም ጮኹ። የወንዙ ድምፅ ደግሞ ሌላ ነው። ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ አውለበለብኩለት፣ ልጄ። አጠገቤ ነው ያለፈ። ጎማው የነጠላዬን ጫፍ ነክቶታል።» እጃቸውን አንስተው እዚያ ያለ ይመስል አሳዩት። «ቀና ቢል ያየኝ ነበር። አንዴ ቀና ቢል።»

*

ይሁኔ ወደ መካነ ኢየሱስ አብዛኛውን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። ሜዳ ሲያገኝ እንኳ ለመውጣት እግሩ እምቢ አለው።

የመሪው ቆልማማ ክፍል በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። የጠቀለለው ወልደ ሩፋኤል ነው። ጣቶቹ ዘወትር ከሚያርፉበት ቦታ ጨርቁ ጎድጎድ ብሏል፤ ይሁኔ ብስክሌቱን በያዘ ቁጥር ጣቶቹ ሳያስባቸው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገቡ ነበር። ይህን ይወደው ነበር። ዳገት ሲወጣ ወንድሙ እጁን ይዞ የሚጎትተው ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ድካም አይሰማውም። ዛሬ ግን መሪውን የያዘው ከላይ፣ በሁለት ጣቱ ነው። የኋላው ጎማ እየተሽከረከረ ቀጭ ቀጭ ሲል የሰው ኮቴ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

ገብረ መድኅን ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ቆርቆሮ ቤት የልብስ መኪናም፣ ፋኖስም፣ ብስክሌትም ይጠግናል። ከወንዝ የወጣውን ብስክሌት የፊት ሹካውን አቃንቶ የመለሰላቸው እሱ ነው። ይሁኔ ሲገባ የአንድ ልብስ መኪና መዘውር ላይ ዘይት እየቀባ ነበር።

«አያ ገብረ መድኅን፣ ሌላ መሪ አለህ?»

«ምን ሆነ? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

ገብረ መድኅን እጁን በጨርቅ ጠራረገና ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ዝገት የጀመረው መሪ አወረደ። ይህኛው እንደ ማረሻ እርፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው የሚመጣ ነው። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ብስክሌት መሪ ነበር፤ ጸሐፊው ሲዛወር ቀሪው አካል በየፊናው ተሸጦ መሪው ቀርቷል።

«ያለኝ ይሄ እርፉ ነው» አለ። «ግን እውነቱን ከጠየቅኸኝ ያንተው ቀንዱ ይሻልሃል። ከዚህ እስከ ጋይንት ሜዳ ላይ ያለውን ነፋስ ታውቀዋለህ። በዚህ ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ ደረትህን እንደ በር ከፍተህ ነው የምትሰጠው። ዳገት ላይ ቆመህ ልርገጥ ብትል ጉልበትህን ይመታዋል። ክብደትህ ሁሉ መቀመጫህ ላይ ያርፋል፤ ወገብህን ትለኛለህ። በቀንዱ ሲደክምህ ከላይ ትይዛለህ፣ ነፋስ ሲመጣ ከታች ትይዛለህ። ወንድምህ ዝም ብሎ አልመረጠውም።»

«በእርፉ ምን ይታያል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከፊት ለፊት። ምን ይታያል?»

ገብረ መድኅን ሳቅ አለ። «በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያያል? ሁሉን ነው የሚያየው። ሰውም ያየዋል። ግን በቀንዱም እኮ ከላይ ይዘህ ቀና ማለት ትችላለህ።»

«ቁልቁለት ላይስ? ፍሬኑ የት ነው ያለው?»

ጠጋኙ ወደ ብስክሌቱ አየ። ፍሬኑ ያለው ከታች፣ ከቀንዱ ጫፍ ነው። ይህን መልሶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። የይሁኔን ፊት አየ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነፋስ አላወራም።

«አሁኑኑ ልቀይርልህ እችላለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የፍሬኑን ሽቦ ረዘም ባለ መተካት ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ይደርሳል።»

ይሁኔ ጨርቁን፣ ጎድጎድ ያለውን ቦታ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«እናቴን ሳልነግር አልችልም» አለ።

*

እናቱ አመተ ማርያም ሁልጊዜ እንደምትሆነው ከግቢው በር ቆማ ነበር። ከታች ከመንገዱ የብስክሌቱ ድምፅ ሲሰማ የያዘችውን ሥራ ጥላ ትወጣለች። ይሁኔ ይህን የእናት ነገር ነው ብሎ ያልፈው ነበር። አንዱን ልጇን መንገድ የበላባት ሴት ሌላውን ብትጠብቅ ምን ይገርማል? ዛሬ እየገፋ በእግሩ ሲመጣ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲጠፋ አየ።

«ምነው በእግርህ?» አለች።

«ደክሞኝ ነው።»

ከገቡ በኋላ ቆሎ አቀረበችለት፤ አልነካውም። እሷም ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጥቁር ቀሚሷን ጠርዝ ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች። በመጨረሻ ይሁኔ መሪውን ሊያስቀይር እንደሆነ ነገራት። በሩ ክፍት ነበርና ብስክሌቱ ከደጅ ከግድግዳው ተደግፎ ይታያል።

«አይሆንም» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

«እማ፣ ሰው እየሸሸኝ ነው። እሱን እመስላቸዋለሁ።»

«ብትመስላቸው ምን አለበት?»

«ከትቤ የማድነው ሕፃን ገደል ወርዶ ዋሻ ገብቷል። እኔን ፈርተው።»

አመተ ማርያም ቀሚሷን ማጣጠፉን ተወች። ከዚያ ወደ ውጭ፣ ወደ ብስክሌቱ እያየች ተናገረች።

«ያንን ዳገት ጎንበስ ብለህ ስትመጣ፣ የምትመጣው አንተ አይደለህም። እሱ ነው። በሩ ዘንድ ደርሰህ ቀና ስትል ነው አንተ የምትሆነው። ይቺን ታህል ነው በቀን የማገኘው። ከመንገዱ ዳር ዋርካ እስከ በሩ ድረስ ያለችውን። እሷንም ልትወስድብኝ ነው?»

 እናቱ በየማታው ከበር የምትወጣው እሱን ልትቀበል እንዳልነበረ አሁን ገና ገባው። ሆድ ባሰው፤ ግን የተቆጣው በማን ላይ እንደሆነ አላወቀም። ሰው በሞተ ወንድሙ ላይ ይቆጣል? ምሽቱ እየጠቆረ ስለሄደ ፊቷን በደንብ አያየውም። እንደማያያት ሲያውቅ ሊነግራት ድፍረት አገኘ።

«ጮኸውለት ነበር» አለ።

«ምን?»

«የወይራ በር ሰዎች። ድልድዩ እንደሌለ ያውቁ ነበር። አንዲት አሮጊት፣ ቦጋለች የሚባሉ፣ ነጠላቸውን ገፍፈው አውለበለቡለት። ከማዶም ጮኹ። ጎንበስ ብሎ ስለነበር አላየም፤ ከወንዙ ድምፅ የተነሳ አልሰማም። ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ እማ።»

እናቱ የበርጩማዋን ጠርዝ ያዘች። ወሽመጤ ተቆረጠ ብላ ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ፈርቶም ነበር።

«ሰው ነበር?» ብቻ አለች።

«ነበር።»

«እኔ ብቻውን ነው የመሰለኝ። ወንዝ ዳር፣ ማንም ሳያየው። ሌት ተቀን ያቺን ሰዓት ነው የማስባት፤ ልጄ ሲወድቅ አንድ ሰው ዋይ አላለለትም እያልኩ።» ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። «ነጠላዋን ገፈፈችለት?»

«አዎ።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። መሪውን ቀይር አላለችም፤ አትቀይርም አላለችም። ከጓዳ ለቅሶዋ ተሰማው፤ ከመስቀል ወዲህ የሰማው ዓይነት አልነበረም። ከደጅ ነፋስ የብስክሌቱን ጎማ ነካው መሰል ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ።

*

ጠዋት ገብረ መድኅን ሱቁን ሲከፍት ይሁኔ ከደጃፉ ቆሞ ነበር።

«ቀይረው» አለ።

ብሎኑ ተላወሰ፤ ቀንዱ ተነቅሎ ወጣ። ይሁኔ ሊያየው ስላልፈለገ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ገበያው አየ። ገብረ መድኅንም ቀንዱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ላይ አኖረው። «የምትፈልገው ቀን ትወስደዋለህ» አለ።

በእርፉ መንዳት እንደተባለው ነበር። ሜዳው ላይ ሲወጣ ነፋሱ ደረቱን ገፍቶ ወደ ኋላ ሊመልሰው ደረሰ። ዳገት ላይ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ወርዶ ገፋ። ወገቡን ያመው ጀመር። እጆቹ ባዶ የሆኑ መሰለው፤ የሚገቡበት ጉድጓድ የለም፣ ሁለቱ ብረቶች ቀዝቃዛና ለስላሳ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ያስጨነቀው ማየቱ ነው። ከዚህ በፊት ይህን መንገድ የሚያውቀው በጠጠሩ ነበር። አሁን የገብሱን እርሻ፣ የተከመረውን ነዶ፣ ከሩቅ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ደን፣ አህያ የሚነዱትን ሴቶች ሁሉ አየ። ሴቶቹም አዩት። «እንደምን አደራችሁ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርህ» አሉት፤ ዞረውም አላዩትም። ለእነሱ ማንም መንገደኛ ነው። ይሁኔ ከወንድሙ ሞት በኋላ በዚህ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንደሆነ ተሰማው፤ ብቸኝነቱ እንዲህ ይከብዳል ብሎ አልገመተም ነበር።

ወይራ በር ሲደርስ ሰዎቹ አልሸሹም። ከጎጆዎቹ ደጃፍ ቆመው ፊቱን እያዩ ጠበቁት። ቦጋለች ከጭዱ ሥር ሆነው «እሱ ነው፣ ታናሽየው ነው፣ ኑ!» ብለው ተጣሩ። በመጀመሪያ ክንዳቸውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ መርፌውን ፈሩ፣ ሳቅም ተሰማ። አውድማው ላይ ያለው ሁሉ ተከትቦ ሲያበቃ ፀሐይ ከአናት አልፋለች።

«ማሩ አልመጣም» አለ ይሁኔ።

«ላክሁበት፤ እምቢ አለ። በዓይኔ ካላየሁ አለ።» ቦጋለች ብስክሌቱን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይዘኸው ውረድ። ከሩቅ ይይህ።»

ይሁኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንዙ ዘንድ ወርዶ አያውቅም። ወደ ወገዳ ሲሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነበር የሚሻገረው። አሁን ቁልቁለቱን ፍሬኑን ጨብጦ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወረደ። መታጠፊያው ዘንድ ሲደርስ ገደሉ ተከፈተለትና ሁሉን በአንዴ አየው፤ ውኃውን፣ ድልድዩ የነበረበትን የድንጋይ ክምር፣ ከማዶ ያለውን ጥቁር የዋሻ አፍ። ይህ ሁሉ ለሚያይ ሰው ከዚህ ይታያል።

በዚያች ቅጽበት «ተመለስ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ፍሬኑን ጭምቅ አድርጎ ቆመ።  ወደ ኋላ ዞረ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ቦጋለች ከላይ ናቸው፤ ድምፃቸው እዚህ አይደርስም። ከማዶም ሰው አይታይም። ውኃው ብቻ ድንጋዩን እየመታ ይወርዳል። ይሁኔ እዚያው ቆሞ ላቡ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከዚያ ከብስክሌቱ ወረደና የቀረውን በእግሩ ጨረሰ።

«እዚያው ቁም!»

ይህኛው የእውነት ድምፅ ነበር። ማሩ ከዋሻው አፍ በእጁ ድንጋይ ይዞ ወጥቷል። ረጅም፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነው።

«ስምህ ማን ነው?»

«ይሁኔ።»

«አባትህስ?»

«አለሙ።»

«ደብርህ? የማን ነህ? እናትህ ማን ትባላለች?»

ይሁኔ አንድ በአንድ መለሰ። ውኃው መሃላቸው ይሮጣል፤ ቃሎቹን እየጮኸ ነው የሚያሻግራቸው። የእናቱን ስም ሲጠራ ድምፁ ከገደሉ ግድግዳ ተመልሶ መጣና ሁለቱም ዝም ብለው አዳመጡት።

ማሩ ድንጋዩን ጣለ። «ተሻገር» አለ።

የታመመችው ልጅ ከዋሻው ጥግ ተኝታ ነበር፤ ቁስሉ ፊቷን ሸፍኗታል፣ ዓይኖቿ ግን ደህና ናቸው፣ ውኃ ስጡኝ ትላለች። እናቲቱ ጨቅላውን ታቅፋ ከሌላው ጥግ ተቀምጣለች። ይሁኔ ጨቅላውን ከተበው፤ እናቱንም፣ ማሩንም። ልጅቷ ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ ወደ መንደር እንዳትወጣ፣ እዚሁ መቆየታቸው መልካም እንደሆነ ነገራቸው። ማሩ ሸሽቶ የመጣበት ቦታ ተመራጭ ቦታ መሆኑ ደንቆት ራሱን ነቀነቀ።

ይሁኔ ቦርሳውን ሲዘጋ ማሩ ወደ ደጅ ተከተለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «አየሩ ጸጥ ሲል ይሰማናል። ጎማ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፣ መታጠፊያው ዘንድ ሲደርስ ይጠፋል። ሚስቴም ሰምታዋለች። አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነት ነው?»

ይሁኔ ወደ ቁልቁለቱ አየ። ምንም የለም ማለት ቀላል ነበር።

«ምን እንደሆነ አላውቅም» አለ። «እኔም ሰምቻለሁ። ግን ለክፉ የመጣ አይደለም። ወንድሜ ሰው ጎድቶ አያውቅም፤ መንገዱን እያየ ነው እንጂ እናንተን ንቆ አልነበረም።»

ማሩ ይህን አሰበበት። «ነፍሱን ይማር» አለ፤ እስከ ውኃው ዳርም ሸኘው።

*

ቤት ሲቃረብ ጀምበር ወደ ኮረብታው ጀርባ እየገባች ነበር። ይሁኔ ዋርካውን አልፎ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። እናቱ የለችም።

ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደገፈና በፍርሃት ወደ ቤት ገባ። አመተ ማርያም በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ባዶ ጆንያ ወድቋል። ቀንዱ ጭኗ ላይ ነው። ከገብረ መድኅን ሱቅ ራሷ ሄዳ አምጥታዋለች። እጆቿን ጨርቁ ላይ አሳርፋ ጣቶቿን ከጎደጎደው ቦታ አስገብታቸዋለች፤ አይሞሉትም።

«ስትመጣ ሰምቼሃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «አልወጣሁም። ወጥቼ አንተን ሳይ እንዳላዝን ፈራሁ። እናት እንዲህ ትላለች?»

ይሁኔ ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ትላለች» አለ።

«ሕፃኑስ?»

«ከትቤዋለሁ። በሳምንቱ መያዙን ለማየት እመለሳለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከጨርቁ ላይ አንድ የላላ ክር ሳብ አደረገችና መልሳ ጠቀለለችው።

«ያቺ ሴትዮ… ቦጋለች ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ እማማ ቦጋለች።»

«በሳምንቱ ስትወርድ እኔም አብሬህ እወርዳለሁ። ልያት። እንዴት እንደጮኸችለት በአፏ ትንገረኝ፤ የቆመችበትንም ታሳየኝ።»

«እማ፣ ሩቅ ነው። ቁልቁለቱም ከባድ ነው። ጉልበትሽ አይችልም።»

«እሷም አሮጊት ናት አላልከኝም? ታዲያ ማናችን እንሂድ?»

ይሁኔ በክፍቱ በር ወደ ብስክሌቱ አየ። ከኋላ ዕቃ መጫኛ አለው፤ ጨርቅ ቢደለደልበት፣ ሜዳ ሜዳውን ቢያስቀምጣት፣ ዳገቱን ቢገፋት… እናቱ ዓይኑን ተከትላ ያሰበውን አወቀችበት።

«በእሱ ላይስ አልወጣም፣ ልጄ» አለች።

«እንግዲያው እኔም በእግሬ ነኝ» አለ።

ጨለማው ገና ሳይወፍር ተነሣ። ባርኔጣውን አድርጎ በብስክሌቱ አጠገብ አለፈና፣ ለዚያች ቀን እናቱ የምትቀመጥበት በቅሎ ሊለምን ወደ ጎረቤታቸው ወደ መርጌታ ወልደማርያም ግቢ ተሻገረ።